ተጋድሞ የቀረው ጥርሴ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን እነግራቸዋለሁ፣ ሰው ማማቴን እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ዛሬ አንተ አንባቢዬ ስማኝ፤ ፈርቻለሁና።

ከዓመታት በፊት የግራው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴ ድድ ውስጥ ተጋድሞ ቀረና እንቅልፍ ነሳኝ። ባሕር ዳር ያለ የጥርስ ሐኪም ራጁን አይቶ፣ ድዱ ተከፍቶ ጥርሱ ተሰንጥቆ መውጣት አለበት አለኝ። በቀጠሮዬ ቀን ሄድሁ። ተራዬን ስጠብቅ ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ ሲመጣ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ወጣሁና ሸሸሁ፤ ሐይቁ ዳር እስክደርስ ዞር ብዬ አላየሁም። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተማሪዎቼ ፊት ስለ ድፍረት የምደሰኩረው መምህር፣ እኔ፣ ሸሸሁ!

ምን ብዬ ቤት ልግባ? ጥጥ ገዛሁ፣ ጉንጬ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ እያቃሰትሁ ገባሁ። ሚስቴ አልጋ አነጠፈችልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሚት ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ጠያቂ በበዛ ቁጥር ውሸቴም እያደገ ሄደ። በማግስቱ ታናሽ እህቴ የሺ ከመርዓዊ መጣች። ቆጋ መስኖ ላይ ድንች የምታለማ ብርቱ ሴት ናት። የእሷም ጥርስ እንደኔው ተጋድሞ ኖሮ፣ ለማስወጣት ቀጠሮ ይዛለች።

«ጋሼ፣ በጣም ያማል እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አላስነቀልሁም፣ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ያልቀመስሁትን ሕመም ተረክሁላት። «አይ የሽዬ፣ አጥንት በመሮ ሲፈነቅሉት እኮ ይሰማል!» አልኋት። ለምን? ጀግና ለመባል? የገዛ ፍርሃቴን ነው ያሸከምኋት። ልታጠጣኝ የያዘችውን አጥሚት መልሳ አስቀመጠችው። መፍራቷን አይቼም ውሸቴን አልመለስሁም።

ቀጠሮዋን ተወችው። ጥርሷ መግል ቋጠረ፤ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወርዶ ትንፋሿን ዘጋው። ጉሮሮዋን ሰንጥቀው መተንፈሻ አበጁላትና ለጥቂት ተረፈች። ሆስፒታሉ ደጃፍ ቆሜ፣ ያነቅኋት እኔ ነኝ አልሁ፤ በልቤ ብቻ። ዛሬም ድምጿ ሻካራ ነው፤ ጠባሳዋን በነጠላ ትሸፍናለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ለሰው የምትለው ነው፦ «የጋሼን ያህል ወኔ ቢኖረኝ እኮ እዚህ ባልደረስሁ።»

አሁን ልጇን ሜሮንን ልካብኛለች። የእሷም ችግር ያው የተጋደመ ጥርስ ነው። «አጎትሽ ደፋር ነው፤ እሱ ይዞሽ ይግባ» ብላታለች። ቀጠሮዋ ነገ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ «አጎቴ፣ ያማል?» ስትለኝ እጄን ልታጠብ ብዬ ከገበታው ተነሳሁ።

የኔ ጥርስ ዛሬም እዚያው ተጋድሟል። ሲነሳብኝ ተደብቄ ክኒን እውጣለሁ። ነገ ከልጅቱ ቀድሜ ላስነቅለው ብዬ አስቤ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፦ ከወጣልኝ ውሸቴ እውነት ይሆናል፤ መዋሸቴን የሚመሰክር አይኖርም። ንስሐ የገባሁ መስሎኝ ዳግመኛ ልሸሽ ነበር።

ስለዚህ አስቀድሜ ለየሺ ልደውል ነው። ያ ሻካራ ድምፅ «አቤት ጋሼ» ሲለኝ መስማት ከመሰርሰሪያው የበለጠ ያስፈራኛል። ፈርቼ ነው ብዬም አላመካኝም፤ እሷም ፈርታ ነበር፣ ማንንም ግን አልዋሸችም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ፋንታ ነው። ስናገር እንድትሰማም ሜሮንን ጠርቼ አጠገቤ አስቀምጫታለሁ፤ ነገ ማን ይዟት እንደሚገባ አውቃ ትግባ።