እህቴ «ልረፍ» ያለችበት ክረምት

አምስተኛ ክፍልን በጨረስሁበት ክረምት፣ ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን እንግዳ ሳይገባበት የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ታላቅ እህቴ ስመኝ ውጭ አገር በአሥር ሺህ ሜትር አሸንፋ መጥታ ነበርና ጎረቤቱ፣ የአባቴ የፋብሪካ ባልደረቦች፣ የማናውቃቸው ዘመዶች ሳይቀሩ ሳሎናችንን ሞልተውት ይውላሉ። ዛሬም የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ ያን ሳሎን ያስታውሰኛል። እታለም፣ እንደዚያ ነበር የምጠራት፣ መሐል ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፤ ከአንዱ ጋር ፎቶ ስትነሳ ሌላው ይጠብቃል። እኔም ሰፈር ውስጥ ስሜ ቀርቶ «የሯጭዋ እህት» ሆኜ ነበር። ገመድ ስንዘል እንኳ ተራ ሳልጠብቅ ያስገቡኛል።

የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ስነቃ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ እግሯን ሙቅ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ነክራ አየኋት። ከተረከዟ በላይ ያለው ጅማት አብጦ ቀልቷል።

«ያምሻል?» አልኋት።

«ለማንም እንዳትናገሪ። አቦን ብለሽ ማይልኝ።»

«አቦን!» ብዬ ማልሁ።

ከቤት ወጥቶ መናፈስም አልሆነላትም። ሐይቁ ዳር ብንሄድ ሰው ይከበናል። በመጨረሻ በጀልባ ሐይቁን አሻግራ ዘጌ ይዛኝ ሄደች። ጀልባው ላይም ፎቶው፣ ምርቃቱ አልቀረም። የቡናው ጫካ ውስጥ ገብተን ሰው ሲጠፋ ግን ማነከስ ጀመረች። ሰው ፊት ቀጥ ብላ የምትሄደው በስንት ጭንቅ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጥቂት እንደሄድን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ደክሞኛል። ዘንድሮን ብቻ እንኳ ባርፍ» አለች።

«ታዲያ እረፊያ!»

«ቤቱስ? አባባ ጡረታ ሊወጡ ነው። አንቺም የተሻለ ትምህርት ቤት ልትገቢ ነው።» በቁጣ አልነበረም ያለችኝ። ወጥመድ ውስጥ እንዳለች የምታውቅ ሰው አነጋገር ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ልረፍ ብያለሁ» አለች። የእናቴ እጅ ወጡ ላይ ቆመ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጃቸውን ይወዷታል።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? አገር ሁሉ ዓይኑን በጣለብሽ ጊዜ?» አሏት።

እታለም ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ ከመሐላው እንደፈታኝ አውቄያለሁ። «እግሯ አብጧል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን የአዲሱ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ተሰፍቶ ራስጌዬ ተሰቅሏል። ዓይኔን ትሪው ላይ ተከልሁ።

«ደህና ነኝ፤ እንዲያው ነው» አለችና መብላቷን ቀጠለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ልምምዷ ተመለሰች። አንድ ጊዜ አሸነፈች፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። በሚቀጥለው ውድድር ግን ሦስት ዙር ሲቀራት ጅማቷ ተበጠሰ። እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ሣሩ ላይ ተቀምጣ በቴሌቪዥን አየናት። እናቴ ስትጮህ፣ አባቴ ከመቀመጫቸው ሲነሡ፣ እኔ ብቻ አልደነገጥሁም። ከዚያ ወዲያ ሮጣ አታውቅም።

ዛሬ እኔ አስተማሪ ነኝ። እሷ ዓባይ ማዶ ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አብረን እንሄዳለን። ባለፈው ወር እንደምንም ብዬ፣ «ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አልኋት።



«ጠብቄሽ ነበር» አለችኝ። «ግን እኮ ገና ልጅ ነበርሽ።»

መንገዳችንን ቀጠልን።

ያኔ እሷ ስታልፍ መኪናው ሁሉ ይቆምላት ነበር። አሁን አስፋልቱን ስንሻገር ወጣቶቹ ባጃጅ ነጂዎች «ፈጠን በይ እንጂ፣ እናት!» እያሉ ክላክስ ይነፉባታል። ማን እንደነበረች ጮኼ ልነግራቸው አፌ ድረስ ይመጣል። እሷ ግን እየሳቀች ክንዴን ጫን ታደርገዋለች፤ ቀስ ብለን እንሻገራለን።