መስቀሉ መሃል ላይ ያለችው ጉጥ

ዛሬ ላሊበላ ስገባ አባቴን ያገኘኋቸው፣ እኔ የሠራሁትን መስቀል በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉ ነው።

የእኔ መሆኑን አያውቁም። «ፋብሪካ ነው የምሠራው» ብያቸው ነው የማልፈው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወይራ መስቀል ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የፕላስቲክ የአንገት መስቀል ይሸጣሉ።

የዚያን መስቀል ሞልድ፣ ፕላስቲኩ ፈስሶ ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት፣ ዲዛይን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የቀለጠው ፕላስቲክ የሚሄድበትን ቦይ መሃሉ ላይ አስገባሁት፤ አራቱም ጫፍ እኩል እንዲሞላ። ፕላስቲኩ የገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉጥ ትቀራለች። አለቃዬ አጨብጭቦልኛል። (እሱ መቼም ቶሎ ላለቀ ሥራ ሁሉ ያጨበጭባል።)

«አባዬ፣ ምን ያለፋዎታል? ይቺን ማን ያያታል?» አልኳቸው።

«ባያያትስ? መስቀል ይሳማል እኮ! ከንፈር ትቧጭራለች» አሉና ጉጧን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «የሠራው ልጅ እጁ ጎበዝ ነው። የሚሳምበትን ቦታ ግን አያውቅም። ምስኪን፣ የሚያሳየው አባት አልነበረውም መሰለኝ።»

የእኔ ነው ማለት አቃተኝ። ብርጭቆ ወረቀት ቀድጄ፣ መስቀል ከሞላበት ካርቶን አንዱን አንስቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

እናንተስ፣ በገዛ እጃችሁ ሠርታችሁ «የእኔ ነው» ማለት ያቃታችሁ ነገር አለ? ንገሩኝ፤ ካርቶኑ ገና አልተጋመሰም።