ከትርሓስ ኋላ ያልቆምኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። ልጄ ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት ሁሉ ትዝ ስለሚለኝ፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብያለሁ።

የምኖረው ሓድነት ክፍለ ከተማ ነው። ሰናይት የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ዓይደር አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሲመሽ ከታክሲ ወርዳ በደረቁ ወንዝ ዳር፣ በጨለማው መንገድ ብቻዋን ነው የምትመጣው። እስክትገባ ነፍሴ አትመለስም። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ፈሪ ሆኛለሁ።

ጎረቤቴ ትርሓስ ደግሞ ሁሉ የሰመረላት ናት። ባሏ ከጦርነቱ ተመልሶላታል፤ የኔ አልተመለሰም። ልጇ እንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እዚያው ነው የምታድረው። እሷ ስትናገር ሰው ዝም ይላል፤ እኔ ስናገር ሰው ወሬ ይጀምራል።

አንድ እሑድ፣ ለክልሉ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ሰፈራችን መጣና ሰበሰበን። ብዙ ቃል አልገባም። ሁሉንም እሠራለሁ ብል ውሸት ነው፣ መጀመሪያ የምይዘውን እናንተ ምረጡልኝ አለ። ሐሳብ ያለው ይናገር፣ የደገፈው ከኋላው ይሰለፍ ተባለ።

አንድ ሽማግሌ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ድንጋይ ይነጠፍልን አሉ። ቀጥላ ትርሓስ ተነሣችና ለወንዙ ዳር መብራት ጠየቀች።

«ሴት ልጆቻችን በጨለማ ነው የሚመጡት። እናቶቻቸው በር ላይ ቆመው አለቁ» አለች።

በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀላት፤ ተወዳዳሪውም «አደይ»፣ እናቴ ብሎ ስሟን ጠይቆ ጻፈ። ጭንቀቴን እንኳ ወስዳ ተመሰገነችበት አልኩ በልቤ።

«ነዪ እንጂ፣ ሓፍተይ» ብላ እንደ እህቷ ጠራችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ከሽማግሌው ኋላ ቆምኩ። ሰልፉ ሲቆጠር ድንጋዩ በአንድ ሰው በለጠ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ማታ ሰናይት እያለቀሰች ገባች። ወንዙ ዳር አንድ ሰው ተከትሏት ክንዷን ይዟት ነበር። ጩኸቷን የሰማችው ቤቷ ከኔ ይልቅ ለወንዙ የሚቀርበው ትርሓስ ናት። ዘነዘና ይዛ ወጥታ አባረረችው፤ ልጄንም አቅፋ አመጣችልኝ።

እግዜር ይስጥሽ አልኳት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «ያን ቀን ለምንድን ነው ጀርባሽን የሰጠሽኝ?» አለችኝ።

«ድንጋዩ ይሻላል ብዬ ነው» አልኩ።

እሷም «በይ፣ ለልጅቷ ውሃ ስጫት» አለችና ወጣች። ሰናይት ምን ማለቷ ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ምንም አልኳት።

አሁን ሲመሽ እኔና ትርሓስ ባትሪ ይዘን ሰናይትን ልንቀበል እንወጣለን። ልጄ ከሩቅ ስታየን መጀመሪያ የምትጠራው እሷን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ጸጸቱ አልለቀቀኝም፣ ቅናቱም አልለቀቀኝም። ድሮ የምቀናው በባሏ ነበር፤ አሁን በደግነቷ ነው። ይሄኛው ይብሳል።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ፣ የምጽፈውን ሁሉ የምታርምልኝ ሰናይት ናት። ይህን ግን አላሳየኋትም።