ሰፌድ ላይ የተሰጣው ፌጦዬ

ደባርቅ ቤት ተከራይቼ የምኖር ወንደላጤ አስተማሪ ነኝ። ፌጦ በውሃ እነክርና ሲዝለገለግ በረንዳ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፌ እበትነዋለሁ፤ ሲበቅል በዳቦ እበላዋለሁ። ትናንት ከሥራ ስመለስ ፌጦዬ ግቢው መሃል ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ድርቅ ብሏል። ደሜ ፈላ።

«ማን ነው የነካብኝ?» አልኳቸው አከራዬን እትዬ አለሚቱን።

«እኔ ነኝ። ብቅል በጊዜ ካልተሰጣ ይሻግታል።»

«የምን ብቅል? ልበላው ነው ያበቀልኩት። ደግሞስ ከአንድ ሳህን ፌጦ ምን ጠላ ይወጣል?»

«የፌጦ ብቅል እኔም አላውቅም፤ የዘመኑ ሰው የማይጠምቀው የለም ብዬ ነው» አሉና ሳቅ አሉ። «ድግሱን ግን ከእኔ መደበቅ አልነበረብህም።»

በሬን ዘግቼባቸው ገባሁ። ሰው የሚበላውን እንኳ በነፃነት አይበላም?

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈሩ ሴቶች ጌሾ ይዘው ቆመዋል።

«ሙሽራዋ የዳባት ልጅ ናት አሉን» አለችኝ አንዷ፤ «መቼ ነው የምታመጣት?»