ከአቡጀዴው ጀርባ

ሰመራ ላይ ሐምሌ ሲገባ ቀን ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። እኛም በልጃችን ሳሎን ኤሲ አስከፍተን፣ የልጅ ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩትን እያየን እንውላለን። ሰሞኑን የያዙት ካባ ለብሶ በሰማይ የሚበር፣ የሚወድቅ ሕንፃ በትከሻው የሚደግፍ ሰው ነው። ባለቤቴን ሐዋን የዓይን ሞራ ይዟታል። ቢሆንም ወንበሯን አስጠግታ፣ ሰውየው ሲወድቅ "ውይ!" ሲነሣ "ጎሽ!" ትላለች። እኔን "ጎሽ" ካለችኝ ስንት ጊዜ ሆናት። ባለፈው ሳምንት የቤቱን የውሃ ሞተር ፈትቼ ብገጥም፣ ያውም በሁለቱም እጄ እኩል እየሠራሁ፣ "ጨረስክ?" ብቻ ነው ያለችኝ።

ሰው በዚህ ዕድሜው በቴሌቪዥን ምስል ይቀናል? እኔ እቀናለሁ። ከዚያ ሰውዬ ጋር የቆየ ጉዳይ አለን።

ወጣትነቴን ያሳለፍኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ ከተማው በባቡር ፉጨት ተነሥቶ በባቡር ፉጨት በሚተኛበት ዘመን። ከወሎ የመጣው አጎቴ ሻይ ቤት ነበረው። እዚያ እየሠራሁ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ለየሁ። ራዲዮ መጠገንም እንዲሁ ነው የተማርኩት፤ መጀመሪያ አበላሽቼ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እኔ ባልለውም ያኔ አዋሽ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከጣቢያው ጎን የባቡር ሠራተኞች ክበብ ነበር። አንዳንዴ ከድሬዳዋ ፊልም በባቡር ይመጣና፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ግቢው መሐል በሁለት ምሰሶ አቡጀዴ ይወጠራል። ፊት ለፊት ያለው ወንበር ለሠራተኞቹና ለቤተሰቦቻቸው ነው። የቀረነው ከአቡጀዴው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ የሐብሐብ ፍሬ እየተፋን፣ በጨርቁ ሾልኮ የሚመጣውን እናያለን።

ጭምብላሙን ያየሁት እንዲያ ነው። ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ካባውን እያርገበገበ ከጣራ ጣራ ይዘላል፤ ክፉውን ሁሉ በአንድ ቡጢ ይዘርራል። የፊልሙን ቋንቋ ማናችንም አንሰማም፤ ግን ማን ቋንቋ ፈልጎ!

ሐዋ ያኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ባለቤት ልጅ ነበረች። አባቷ ፊልም ከልክለዋታል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት፣ በሆቴሉ በር ላይ የምስር ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ አጠገቧ ቆሜ ያየሁትን እተርክላታለሁ። ወላሂ፣ እንደ እኔ ፊልም የሚተርክ ከአዋሽ እስከ ገዋኔ አልነበረም። ጭምብላሙን የአዋሽን ገደል አዘልዬዋለሁ፤ ተረትና ምሳሌ እያስተረትኩ አናግሬዋለሁ። ሐዋ ሊጡን በእጇ ይዛ ትቀራለች፤ ዘይት ውስጥ ያለው ሳምቡሳ ያርራል። ያረረው የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ያላረረ ሳምቡሳ አይጥመኝም።

አንድ ጠዋት "በግራው እንዲህ አድርጎ ጣለው!" ብዬ ሳሳያት ሳቀች።

"በግራው? የሚበላውም በግራው ነው?"

"ሲበላ አላየሁትም።"

"በግራው የሚበላ ሸይጧን ነው። ይኼ ጀግናህ አላማረኝም።"

"ግራኝ ጀግና አይሆንም ያለሽ ማነው?"

ይህንን ስላት ወደ ሊጧ ተመለሰች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሻይ ቤቱ ጓሮ የዱቄት ጆንያ ሰቅዬ ግራ እጄን አሠለጥን ጀመር።

ክረምት ላይ ተስፋዬ መጣ። የጣቢያው ኃላፊ ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ይማራል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። አንድ ጠዋት ብሄድ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ቆሟል።

"አቦ ሐዋ፣ ማነው ግራኝ ነው ያለሽ? በቀኙ ነው የሚመታው። ድሬ ሲኒማ ቤት፣ ከፊቱ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።"

እጁን አየሁ። ያላረረ ሳምቡሳ ይዟል።

"ውሸታም!" አልኩት።

"አንተ የጀርባ ተመልካች! የሰው ፊት አይተህ ታውቃለህ?"

ልመታው ብዬ ተነሣሁ፤ በየትኛው እጄ እንደምመታው ግን ጠፋኝ። ያኔ ሐዋ ማንኪያውን አነሣች።

"አንዳችሁ እየዋሻችሁኝ ነው። ራሴ አያለሁ። የዋሸኝ ሰው ዳግመኛ እዚህ በር አይቆምም።"

ያው ፊልም ከአዲስ አበባ ሲመለስ እንደገና ታየ። ሐዋ ተሸፋፍና ከአክስቷ ጋር መጣች። መጀመሪያ በእኛ በኩል ተቀመጠች። ጭምብላሙ በግራው ሲመታ ዞር ብላ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ደስታዬን ለማን ልንገር። ትንሽ ቆይታ ግን ተነሥታ አቡጀዴውን ዞረች። ጨርቁ መሬት አይነካም ነበር። ከበላይ ጭምብላሙ ይበራል፤ ከበታች የሐዋ ነጠላ ጫማ ከተስፋዬ ጥቁር ጫማ አጠገብ ሲቆም አየሁ። ፊልሙ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቀም። እኔም ሌላ ነገር አላየሁም።

በማግስቱ ሁለታችንም በሯ ላይ ተገተርን።

"ማናችሁም አልዋሻችሁም" አለች። "ከወዲህ ሲያዩት ግራ ነው፤ ከወዲያ ሲያዩት ቀኝ።"

"ትክክለኛው የፊቱ ነዋ!" አለ ተስፋዬ።

"እሱን ተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "ሰይዶ፣ ሰውየው እኮ አያወራም። አንተ ስትነግረኝ አፉ አይዘጋም ነበር። ሰዉን ሁሉ አድኖ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።" ከዚያ ወደ ገደሉ አቅጣጫ እያየች ደገመችው፤ "ዝም ብሎ ይሄዳል።"

በዚያ ድምፅ ስለ እኔ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። ዝም ለማለት ሞከርኩ። እስከ ምሳ ቻልኩ። ከሰዓት በኋላ ራሷ መጥታ "ታመምክ እንዴ? ተርክልኝ እንጂ" አለችኝ። ያገባችውም እኔን ነው፤ ሌላ ማንን ታገባለች?

ተስፋዬን ከረሳሁት ቆይቷል። ተስፋዬ ሰው ነው፤ እንደ እኔ ጠጉሩ ረግፎ ይሆናል። ጭምብላሙ ግን አያረጅም። ካባውን ቀይሮ፣ ቀለም ጨምሮ፣ ገዋኔን አልፎ፣ አዳይቱን አልፎ ሰመራ ድረስ ተከትሎን መጣ።

ይህን ስጽፍ ሳሎኑ በጩኸት ተናወጠ። ባለ ካባው አንዱን ዘርሮታል።

"ሰይዶ፣ አላየሁትም" አለች ሐዋ። "በየትኛው እጁ መታው?"

የእኔ ዓይን ደህና ነው። በቀኙ ነው የመታው።

"በግራው" አልኳት።

"አባባ፣ በቀኙ ነው!" ብለው ልጆቹ ጮኹ።

ሐዋ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ ሳቀች። "አንተ ዛሬም ከጀርባ ነህ" አለችኝ። "ወንበርህን ወዲህ አምጣ። ከዚያስ ምን አለ?"

ሰውየው ምንም አላለም። እኔ ግን ያለውን ሁሉ ነገርኳት።