የአጎቴ አንዲት ውሸት

አጎቴ ሲቀበሩ ሰው ሁሉ «ውሸት የማያውቁ» እያለ አለቀሰ። በቀብር ላይ መዋሸት ልማዳችን ነው። አጎቴ አንዲት ውሸት ነበረቻቸው።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የድሮ መዝሙር ከማስጀመራቸው በፊት፣ መዝሙሩን የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የደረሰውን ፈረንጅ ታሪክ ያወሩልን ነበር። አጠገባቸው ገበሬ ከተቀመጠ ሰውየው ገበሬ ነበር፤ ግንበኛ ከተቀመጠ ግንበኛ። ክልሉ ገና ሲቋቋም እኔ አሶሳ አንድ ቢሮ ዘበኛ ሆኜ ደመወዜን በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ ነበር የምቀበለው። አጎቴ መሠረተ ትምህርት ግባ ሲሉኝ፣ «በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ልሁን?» አልኳቸው። በዚያው እሑድ ፈረንጁ በአርባ ዓመቱ ፊደል የቆጠረ ሰው ሆኖ መጣ። አምኜ ተመዘገብኩ።

ማንበብ እንደቻልኩ የመዝሙር መጽሐፉን ከኋላ፣ የደራሲዎቹ ታሪክ ያለበትን ገለጥኩት። ሰውየው የአስተማሪ ልጅ ነው፤ በአምስት ዓመቱ አንብቧል። መጽሐፉን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

«ዋሹኝ» አልኳቸው።

«ማን አነበበልህ?»

«ራሴ ነኛ! ማን ያነብልኛል?»

«ታዲያ ምን አጎደልኩብህ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔንም ሳቅ አመለጠኝ፤ በንዴቴ ላይ።

ባለፈው እሑድ የቀርከሃ ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ከካማሺ የመጣ ወርቅ አጣቢ፣ «ይሄን መዝሙር ማነው የደረሰው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወንበሩን አየ። እውነቱን በመጽሐፍ ያነበብኩት እኔ ነኝና ተነሳሁ።

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ሰውየው ወርቅ አጣቢ ነበር።»

ሚስቴ አፈጠጠችብኝ። እኔ መዝሙሩን አስጀመርኩ።