የሐጂ ዩሱፍ መጋረጃ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ናሆም ምሳ ሊበላ መጥቶ ከጓደኛው ጋር በስልክ ሲከራከር ምሳው ቀዘቀዘ። ሥራው ኮምፒውተር ነው። እኔ እንደገባኝ፣ እንደ ሰው የሚያስቡ ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ ክፉ ሰው እጅ ከገቡ ጥፋት ያመጣሉ። ጭቅጭቁ አሠራራቸው ለሁሉም ይገለጥ ወይስ ጥቂቶች ቆልፈው ይያዙት ነው። ስልኩን ሲዘጋ፣ «አክስቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?» አለኝ፤ ለቀልድ መሰለኝ።

«አቦ፣ እኔ ይኼን ነገር ፈንድቶብኝ ነው የማውቀው!» አልኩት።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከዚራ ሠፈር ጫፍ፣ ሐጂ ዩሱፍ ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ሴት በያጅ ለማየት ሰው መንገድ ላይ ይቆም ነበር። እናቴ «ባል አታገኚም» ብላ አለቀሰች። አገኘሁ፣ ግን እሱን እዚህ ላይ እንተወው። ጠዋት ጠዋት መጋላ ሠፈር ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቼ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ አቋርጣለሁ፤ ከዚራ ስደርስ የሚተርፈኝ በዘይት የራሰ ወረቀት ብቻ ነው። በግንቦት ሙቀት ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም።

በዚያ ዘመን የብየዳውን ጋዝ እዚያው ነበር የምናወጣው። ካርባይድ የሚባል ድንጋይ መሳይ ነገር በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ክፉ የሚሸት ጋዝ ይለቃል፤ የሚነደው እሱ ነው። አያያዙን ለማያውቅ ቦምብ በሉት። ታዲያ ሐጂ በርሜሉን ሲያሰናዱ የጆንያ መጋረጃ ይጋርዱብናል። አሳዩን ስንላቸው መልሳቸው «ሙያ በልብ ነው» ብቻ ነው። ከጀርባው ውሃው ሲንቆረቆር፣ ቀጥሎ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፋቲሃ የሚባለውን የቁርኣን ጸሎት ሲቀሩ እንሰማለን። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና እሳቱ ይለኮሳል።

አንድ ቀን ሐጂ ለለቅሶ ጅጅጋ ሄዱ። የጋሪው ብረት የተሰበረበት ሰውዬ መጥቶ ለመነን። አብሮኝ የሚሠራው አዩብ፣ «ወላሂ ይቅርብን፣ ሐጂ ይምጡ» አለ።

«ስንት ጊዜ ሰምተነው! ምን ይከብዳል?» አልኩ። ጉራዬ ነዋ! ካርባይዱን ጨመርኩ፣ ውሃውን ለቀቅኩ። ጸሎቱ ላይ ስደርስ፣ ክርስቲያን ነኝና በራሴ ሃይማኖት ተካሁት፤ አንዴ አማተብኩና ለኮስኩ።

ድው! የበርሜሉ ክዳን የጣራውን ቆርቆሮ በጥሶ ወጣ። ቅንድቤ ነደደ። አዩብ ወድቆ ግራ ጆሮውን ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። ያ ጆሮ እስከ ዛሬ አይሰማም፤ ቤቴ ሲመጣ በቀኝ በኩል ነው የምቀመጥለት።

ሐጂ በማግስቱ መጡ። የተቀደደውን ጣራ አይተው፣ «ሁለታችሁም ከሥራ ወጥታችኋል። ካርባይዱም ከእንግዲህ ቤቴ ነው የሚያድረው» አሉ።

ለታላቅ አፍ መመለስ ነውር ነው። ግን አዩብ ሆስፒታል ተኝቷል። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ምን እንደጎደለኝ ግን ይንገሩኝ።»

«ፋቲሃውስ?»

«ክርስቲያን ነኝ እኮ!»

ራሳቸውን ያዙ። «ያ ረቢ! ለጸሎት ብቻ መሰለሽ? ሰባት ጊዜ ነው የምቀራው። እሱ እስኪያልቅ በርሜሉ ውስጥ ያለው አየር በጋዙ ተገፍቶ ይወጣል። አየርና ጋዝ እንደተቀላቀሉ እሳት ካገኙ ይፈነዳሉ።»

«ይቺን ነግረውን ቢሆን የአዩብ ጆሮ ይተርፍ ነበር» አልኩና አለቀስኩ።

«ብነግራችሁ ነገ መጋላ በየጓዳው በርሜል ይተከላል፣ ሕፃን ከሚተኛበት አጠገብ። ያኔስ ማን ይጠየቃል?» አሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ። መጋረጃው የለም! ካርባይዱ ግን ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቷል። «ሥራውን ለፈለገ ሁሉ አሳያለሁ። ቁልፉን ግን የምሰጠው እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደሚደረግ በሰው ፊት ማስረዳት ለቻለ ነው» አሉ።

የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። የሠፈሩ ጋራዥ ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ አዩብ ጭንቅላቱን በፋሻ ታስሮ ሲያዳምጥ፣ አንድ በአንድ አስረዳሁ። የሚጠበቀውንም ጊዜ በአባታችን ሆይ ለካሁት፤ ስድስት ጊዜ ይበቃል። ሐጂ ሳቁ። «የሷም የኔም ጸሎት አየሩን እኩል ያስወጣል» ብለው ቁልፉን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ኩራቴን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ያን ቀን ደቻቱን ስሻገር ቁልፉን ከልብሴ በላይ አውጥቼ፣ ያላየኝ ሰው እንዳይኖር ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። በኋላም በራሴ ብየዳ ቤት ብዙ ሰው አስተምሬበታለሁ፤ አንድም በርሜል አልፈነዳብንም።

ናሆም ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነበር አክስቴ። የኛ ነገር ግን ሳጥን የለውም። አንዴ ከወጣ በደቂቃ ዓለምን ያዳርሳል፤ ማን ይመልሰዋል?»

ሐጂም በሕይወት ቢኖሩ ለዚህ ሳጥን የሚያገኙለት አይመስለኝም። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ያን የሐጂን ቁልፍ አውርጄ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሳጥኑን እናንተ ፈልጉለት፤ የተማራችሁት ለዚህ ነው» አልኩት። «ፋቲሃውን ግን መጋረጃ ጀርባ እንዳትቀሩት። አዩብ በሚሰማበት በኩል ሆናችሁ፣ ጮክ ብላችሁ ከነምክንያቱ በሉት።»